ለየትኛው ጭነት የትኛው ሮኬት?

በሬዲዮ የተነገረ ንግግር



ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን ዳገት የማያውቅ የአዲስ አበባ ነዋሪ እምብዛም አይገኝም። በተለይም በጉለሌ የሚኖር ወይም በዚያ በሚገኝ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሰው ጧት ደጁን ከፍቶ ሲወጣ ዓይኑ የሚያርፈው በዚሁ ተራራ ላይ ነው። ተራራው በየዘመኑ ልዩ ልዩ አገልግሎት ሲሰጥ ኖሯል። ቀድሞ የንጉሥ መቀመጫ ነበረ፤ ኋላም ለከተማው ማገዶ የሚወርድበት የባሕር ዛፍ ደን ሆነ፤ በዘመናችን ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ያህል ከፍ ባለው ጫፉ ላይ የከዋክብት መመልከቻ ተሠርቶበት፣ የመስተዋታቸው ስፋት አንዳንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች በክብ ጣሪያ ሥር ቆመውበታል።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ዕለቱ ዓርብ፣ በማለዳ ባለሥልጣኖችና ሌሎች እንግዶች በዚሁ በእንጦጦ ተሰብስበው ከሩቅ አገር በቀጥታ የሚተላለፈውን ሥዕል ይመለከቱ ነበር። በሰሜን ቻይና ከሚገኘው ከታይዩዋን የማስወንጨፊያ ጣቢያ ሎንግ ማርች 4ቢ የተባለው ሮኬት ተነሥቶ፣ ኢቲ አር ኤስ ኤስ 1 የተባለችውን የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ሳተላይት ወደ ጠፈር አደረሳት። ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም ያህል ነበረ። የተሠራችበትም ምክንያት መሬትን ከላይ እየተመለከተች ለግብርና፣ ለውኃ ሀብትና ለአካባቢ ጥበቃ የሚረዳ ሥዕል እንድትልክ ሲሆን፣ መቈጣጠሪያ ጣቢያዋ በእንጦጦ ተቋቋመ።

በዚያን ጧት የሰው ሁሉ ዓይንና ልብ በሳተላይቷ ላይ ነበረ፤ የሚገባም ነው። እኔ ግን ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብኩት ስለ ተሸካሚው ነው። 70 ኪሎ ማለት አንዲት አህያ ከእንጦጦ የምታወርደውን ጭነት የሚያህል ነው። ሎንግ ማርች 4ቢ ደግሞ ከነነዳጁ 250 ቶን ያህል ይመዝናል። እንግዲህ ይህን የሚያህል ሮኬት ለአንዲት አህያ ጭነት ብቻ የሚያስነሣ ሰው ቢገኝ፣ ገንዘብ በእጁ ሊሰጠው የማይገባ ሰው መሆኑን ሁላችንም እንፈርድበታለን።

ነገሩ ግን እንዲህ አልነበረም። የሮኬቱ ዋና ተሳፋሪ ቻይናና ብራዚል በኅብረት የሠሯት፣ ከ1,700 ኪሎ ግራም በላይ የምትመዝን ሌላ ሳተላይት ነበረች። የእኛይቱና ሌሎች ሰባት ትንንሽ ሳተላይቶች በቀረው ቦታ ተጭነው አብረው ሄዱ። ትልቋም የእኛይቱም መሬትን የሚመለከቱ ስለ ሆኑ የሚፈልጉት መንገድ ተቀራራቢ ነበረ፤ አብሮ መጓዝም የተቻለው ስለዚህ ነው። በወቅቱ በዜና እንደ ተገለጸው ሳተላይቷን ለመሥራት ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ የወጣ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 6 ሚሊዮን ያህሉን የሸፈነችው ቻይና ናት። ኢትዮጵያ ሮኬት ለብቻዋ ልከራይ ብትል ኖሮ የሮኬቱ ኪራይ ከሳተላይቷ ዋጋ ብዙ እጥፍ በሆነ ነበር። አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ያሉት ለዚህም ይስማማል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። የሚላኩ ጭነቶች ብዙዎች ናቸው፤ ሮኬቶችም ልዩ ልዩ ናቸው። ለየትኛው ጭነት የትኛው ሮኬት ቢመደብ ነው ጠቅላላ ወጪው ከሁሉ የሚያንሰው? ይህን ጥያቄ የሚመልስ የሒሳብ ዘርፍ አለ፤ የምደባ ሒሳብ ልንለው እንችላለን።

ጥያቄው ከጠፈር የመጣ ይምሰል እንጂ ለመንግሥት ሠራተኛ እንግዳ አይደለም። በአንድ መሥሪያ ቤት የስምሪት ኃላፊ የሆነ ሰው ሦስት መኪናዎችና ሦስት የመስክ ጉዞዎች ቢኖሩት፣ የሚያደርገው ምንድን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ማመልከቻዎቹን በመጡበት ተራ ይይዛል። ፊተኛው አመልካች ለጉዞው የሚረክስለትን መኪና ይወስዳል፤ ሁለተኛው ከቀረው ይመርጣል፤ ሦስተኛው የተረፈውን ይዞ ይሄዳል። ማንም አልተበደለም፤ ደንቡም ተጠብቋል። ይሁን እንጂ በወሩ መጨረሻ የነዳጁ ሒሳብ ሲደመር ከሚገባው በላይ ሆኖ ይገኛል፤ የት እንደ ጠፋም የሚያውቅ የለም። ምክንያቱም ጉዳቱ በአንዱ ማመልከቻ ውስጥ ያለ ሳይሆን በማመልከቻዎቹ መካከል ያለ ስለ ሆነ ነው።

ይህን በቍጥር ለማስረዳት ለትምህርት ያህል ያዘጋጀሁትን ምሳሌ ልንገራችሁ። እርሳስና ወረቀት በአጠገባችሁ ቢኖር መልካም ነው። አንድ መንግሥት ሦስት ጭነቶች ወደ ጠፈር መላክ ይፈልጋል እንበል። አንደኛው የአየር ጠባይ የምትመለከት ሳተላይት፣ ሁለተኛው የመገናኛ ሳተላይት፣ ሦስተኛው ወደ ሩቅ ፕላኔት የምትሄድ መርማሪ መንኰራኵር ነው። ሦስት ሮኬቶችም ቀርበዋል፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እንበላቸው። የኪራዩ፣ የማጓጓዣውና ጭነቱን ከሮኬቱ ጋር የማስማማቱ ወጪ በሚሊዮን ብር ተደምሮ እንዲህ ይሁን። የአየር ጠባይዋ ሳተላይት በአንደኛው ሮኬት 30፣ በሁለተኛው 34፣ በሦስተኛው 50 ታስወጣለች። የመገናኛዋ በአንደኛው 32፣ በሁለተኛው 60፣ በሦስተኛው 70። መርማሪዋ ደግሞ በአንደኛው 80፣ በሁለተኛው 75፣ በሦስተኛው 78።

አሁን በተራ እንሂድ። የአየር ጠባይዋ የሚረክስላትን አንደኛውን ሮኬት በ30 ትወስዳለች። የመገናኛዋም አንደኛውን ትፈልግ ነበር፤ ነገር ግን ተይዟልና ሁለተኛውን በ60 ትወስዳለች። መርማሪዋ የቀረውን ሦስተኛውን በ78 ትይዛለች። ድምሩ 168 ሚሊዮን ሆነ። አሁን ደግሞ የአየር ጠባይዋ ቦታዋን ብትለቅና ሁለተኛውን ሮኬት ብትወስድ ምን ይሆናል? እርሷ በ30 ፋንታ 34 ትከፍላለች፤ ጉዳቷ 4 ብቻ ነው። የመገናኛዋ ግን በ60 ፋንታ 32 ትከፍላለች፤ ትርፏ 28 ነው። መርማሪዋ እንደ ነበረች ናት። ድምሩም 144 ሚሊዮን ይሆናል። 24 ሚሊዮን ብር ተረፈ ማለት ነው፤ ያውም ምንም ነገር ሳይቀርና ምንም ዓይነት አዲስ መሣሪያ ሳይገዛ፣ በመመደብ ብቻ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እለምናለሁ። በዚህ በመጨረሻው ዕቅድ ለራሷ ከሁሉ የሚረክሰውን ሮኬት ያገኘችው የመገናኛዋ ሳተላይት ብቻ ናት። ሁለቱ ጭነቶች ለየብቻቸው ቢጠየቁ ደስ የማይላቸውን ተቀብለዋል። ጠቅላላው ርካሽ የሆነው ግን ስለዚህ ነው። ስለ ሆነም እያንዳንዱ ክፍል ለራሱ የሚሻለውን ሲይዝ መሥሪያ ቤቱ በጠቅላላው ይጠቀማል ማለት አይቻልም።

ሦስት ጭነት በሦስት ሮኬት የሚመደብበት መንገድ ስድስት ብቻ ነው፤ ስድስቱንም ጽፎ ማወዳደር ይቻላል። ጭነቱና ሮኬቱ ዐሥር ዐሥር ሲሆኑ ግን መንገዱ 3,628,800 ይሆናል። ሃያ ሃያ ሲሆኑ ደግሞ በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ዕቅድ የሚመረምር መሣሪያ ቢኖር እንኳ ሁሉንም ለመጨረስ 77 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ሁሉን እየሞከሩ መምረጥ አይቻልም፤ ብልኃት ያስፈልጋል።

ብልኃቱም ረጅም ታሪክ አለው። ፈረንሳዊው ጋስፓር ሞንዥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1781 ከአንድ ቦታ የተቈፈረ አፈር ወደ ሌላ ቦታ በትንሹ ድካም የሚጓጓዝበትን መንገድ በሒሳብ መርምሯል። በ1939 ሊዮኒድ ካንቶሮቪች የተባለ ሩስያዊ የሒሳብ ሊቅ በሌኒንግራድ ለአንድ የእንጨት ፋብሪካ ሥራን በየመኪናው ስለ ማከፋፈል ሲመራመር ለሰፊው የምደባ ሒሳብ መሠረት ጣለ፤ በ1975ም ከቲያሊንግ ኮፕማንስ ጋር የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። በ1955 ሃሮልድ ኩን የተባለ አሜሪካዊ ዛሬ ለምንናገርለት ጥያቄ ቀላል ዘዴ አሳተመ። ኩን ለዚህ የበቃው ዴኔሽ ኬኒግና የኔ ኤገርቫሪ የተባሉ ሁለት የሀንጋሪ ሊቃውንት አስቀድመው በሠሩት ላይ ተመሥርቶ ነው። የኤገርቫሪን ጽሑፍ ለማንበብ መዝገበ ቃላትና ሰዋስው ይዞ ከሀንጋሪ ቋንቋ ራሱ ተረጐመው፤ ዘዴውንም ለራሱ ስም ሳይሰጥ የሀንጋሪዎች ዘዴ ብሎ ሰየመው። ከብዙ ዓመት በኋላ ደግሞ ያኮቢ የተባለው ጀርመናዊ፣ በ1851 የሞተው፣ ተመሳሳይ ነገር በላቲን ጽፎ እንደ ነበረ ታወቀ።

ዘዴው በእኛ ምሳሌ ላይ እንዲህ ይሠራል። ለእያንዳንዱ ጭነት ከቀረቡት ዋጋዎች ትንሹን ወስደን ከዚያው ጭነት ዋጋዎች ሁሉ ላይ እንቀንሳለን። ማንኛውም ዕቅድ ከእያንዳንዱ ጭነት አንድ ዋጋ ብቻ ስለሚወስድ፣ ከሁሉ ላይ እኩል መቀነስ የዕቅዶቹን ብልጫ አይለውጥም። እንግዲህ 30፣ 32ና 75 ቀነስን፤ ድምሩ 137 ነው። የቀረው ለአየር ጠባይዋ 0፣ 4፣ 20፤ ለመገናኛዋ 0፣ 28፣ 38፤ ለመርማሪዋ 5፣ 0፣ 3 ነው። በሦስተኛው ሮኬት ሥር ያለው ትንሹ ቍጥር 3 ስለ ሆነ እርሱንም ከዚያው ሮኬት ዋጋዎች ላይ እንቀንሳለን፤ የተቀነሰው ሁሉ 140 ደረሰ።

አሁን ዜሮ ማለት ያለ ተጨማሪ ወጪ የሚገኝ ቦታ ማለት ነው። ነገር ግን የአየር ጠባይዋም የመገናኛዋም ዜሮ ያላቸው በአንደኛው ሮኬት ላይ ብቻ ነው፤ ለአንድ ቦታ ሁለት ባለጉዳይ ቀርቧል። ከሁለቱ አንዱን ወደ ሌላ ሮኬት ለማዛወር የሚበቃው ትንሹ ዋጋ ስንት ነው ብለን ስንፈልግ 4ን እናገኛለን። ስለዚህ ከሁለቱ ጭነቶች ዋጋዎች ላይ 4 እንቀንሳለን፤ ከዜሮ በታች እንዳይወርድም በአንደኛው ሮኬት ሥር ባሉት ዋጋዎች ላይ 4 እንጨምራለን። ሁለት ጊዜ 4 ቀንሰን አንድ ጊዜ 4 ስለ ጨመርን የተጣራው ቅናሽ 4 ነው። በዚህ ጊዜ ለአየር ጠባይዋ በሁለተኛው ሮኬት ላይ አዲስ ዜሮ ተከፈተላት፤ ጠቡም በረደ። የመገናኛዋ አንደኛውን፣ የአየር ጠባይዋ ሁለተኛውን፣ መርማሪዋ ሦስተኛውን ይይዛሉ። የተቀነሰው ሁሉ ሲደመር 137ና 3ና 4፣ ይኸውም 144 ነው። በሠንጠረዡ ከዜሮ በታች የሆነ ቍጥር ስላልቀረ ከ144 የሚያንስ ዕቅድ ሊኖር አይችልም። እንግዲህ ዘዴው መልሱን ከነማረጋገጫው ይሰጣል።

እውነተኛው የሮኬት ሥራ ከዚህ የበለጠ ውስብስብ መሆኑን መሸሸግ አይገባኝም። የእኛይቱ ሳተላይት እንደ ሄደችበት ዓይነት አንድ ሮኬት ብዙ ጭነት የሚወስድ ሲሆን ሒሳቡ ይከብዳል፤ የሀንጋሪዎች ዘዴም ብቻውን አይበቃም። የሚፈልጉት መንገድ የሚለያይ ሳተላይቶች በአንድነት ሊጫኑ አይችሉም። ወደ ማርስ የሚወስደው ምቹ ጊዜ የሚገኘው በየ26 ወሩ ገደማ ነው፤ ያመለጠው ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ይጠብቃል። ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ሊቃውንት የማይጠቅሙትን ዕቅዶች በጅምላ እየቈረጡ የሚጥሉበት ሌላ የሒሳብ ዘዴ አላቸው፤ ይህንንም ኮምፒዩተር ይሠራላቸዋል።

ከሒሳቡ መክበድ የሚብሰው ችግር ግን በሠንጠረዡ ውስጥ የሚጻፈው ቍጥር ነው። የንግግሬም ዋና ቁም ነገር ይህ ስለ ሆነ ሦስት እውነተኛ ታሪኮች ልጨምርላችሁ።

አንደኛው የአሜሪካው የጠፈር መሥሪያ ቤት የናሳ ታሪክ ነው። ዩሮፓ የተባለችውን የጁፒተርን ጨረቃ የምትመረምረው ዩሮፓ ክሊፐር በኤስ ኤል ኤስ ሮኬት እንድትሄድ በሕግ ታዝዞ ነበር። ያ ሮኬት ኃይለኛ ስለ ሆነ ሦስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ያደርሳት ነበር፤ ዋጋው ግን እጅግ ከፍ ያለ ነበረ። በኋላ ሕጉ ተሻሻለና በ2021 ፋልከን ሄቪ የተባለው የግል ኩባንያ ሮኬት በ178 ሚሊዮን ዶላር ውል ተመደበላት። ናሳም በዚህ ለውጥ 2 ቢሊዮን ዶላር ያህል እንደሚድን ገምቷል። መንኰራኵሯ በኛ አቈጣጠር ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተወነጨፈች፤ በማርስና በመሬት አጠገብ ዞራ ፍጥነት እያገኘች የምትሄድ ስለ ሆነ የመድረሻዋ ጊዜ እንደ አውሮፓውያን በ2030 እንዲሆን ታቅዷል። እዚህ ላይ ጊዜ በገንዘብ ተለወጠ። ልውውጡ የታሰበበትና በግልጽ የተጻፈ ስለ ሆነ የሚያስነቅፍ ነገር የለበትም።

ሁለተኛው ታሪክ ያሳዝናል። በ1996 በአውሮፓውያን አቈጣጠር አውሮፓ አርያን 5 የተባለውን አዲስ ሮኬት ለመጀመሪያ ጊዜ ስታስነሣ፣ ክላስተር የተባሉትን አራት የምርምር ሳተላይቶች በዚሁ በመጀመሪያው በረራ ላይ ጫነቻቸው። ሰኔ ወር እንደ ገባ በአራተኛው ቀን በአውሮፓ ቍጥር ሮኬቱ ከደቡብ አሜሪካ ከኩሩ ተነሣ፤ 40 ሰከንድ ሳይሞላም ፈነዳ። ምክንያቱ ከቀድሞው ከአርያን 4 ሳይታረም የተወሰደ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነበረ፤ የአዲሱ ሮኬት ፍጥነት ለቍጥሩ ከተመደበው ቦታ በላይ ሆኖበት ተደናገረ። ብዙ ሊቃውንት ለዓመታት የደከሙባቸው አራቱ ሳተላይቶች ጠፉ። ምትካቸው በ2000 የተላከው በሁለት ሶዩዝ ሮኬቶች፣ ይኸውም በብዙ በረራ በተፈተነ ተሸካሚ ነው።

ሦስተኛው ታሪክ የራሳችን ነው። ሁለተኛዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት፣ ኢቲ ስማርት አር ኤስ ኤስ የምትባለው፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ከዌንቻንግ የተነሣችው በሎንግ ማርች 8 ነው። ያ ቀን ለሎንግ ማርች 8 የመጀመሪያው በረራ ነበረ። እንደ ክላስተር ሁሉ እርሷም ያልተፈተነ ሮኬት ላይ ተሳፍራለች፤ በረራው ግን ቀናው፤ እርሷም በሰላም ደረሰች። ታዲያ የክላስተሩ ጥፋት፣ የእኛው ብልኃት ነው እንበልን? ዕድል ስለ ቀናን ብቻ ብልኆች ነን ማለት አይገባም። የሚያለየው የተጫነው ነገር ነው። የእኛይቱ ከ10 ኪሎ ግራም በታች የምትመዝን ትንሽ ሳተላይት ናት፤ ብትጠፋም የሚያሳዝን እንጂ የሚያደኸይ አይደለም። ክላስተር ግን የብዙ መንግሥታት የዓመታት ድካም ነበረ።

ወደ ሠንጠረዣችን እንመለስና ይህን ትምህርት እናግባበት። የመጀመሪያው ሮኬታችን፣ ያ ሁሉም የተሻሙበት ርካሹ፣ አዲስና ያልተፈተነ ነው እንበል፤ ከዐሥር አንድ ጊዜ እንደሚወድቅም ይገመት። ሁለቱ ሌሎች ግን ታማኞች ናቸው። የአየር ጠባይዋ ሳተላይት 20 ሚሊዮን፣ የመገናኛዋ 300 ሚሊዮን፣ መርማሪዋ 500 ሚሊዮን ብር የምታወጣ ትሁን። ከዐሥር አንድ የመጥፋት ሥጋት ማለት የዋጋዋን ዐሥረኛ በወጪው ላይ መጨመር ነው። እንግዲህ በአንደኛው ሮኬት ሥር 30 የነበረው 32፣ 32 የነበረው 62፣ 80 የነበረው 130 ይሆናል።

አሁን እንደ ገና እንደምር። ከሁሉ ይበልጣል ብለን የተደሰትንበት ዕቅድ 34፣ 62ና 78፣ በድምሩ 174 ሆነ። በተራ የተሠራውና ሰነፍ ብለን የጣልነው ዕቅድ ግን 32፣ 60ና 78፣ በድምሩ 170 ሆነ። ስድስቱንም ብትመረምሩ ከ170 የሚያንስ አታገኙም። ርካሽዋና ትንሿ ሳተላይት በአዲሱ ሮኬት ትሂድ፤ ውዶቹ በተፈተኑት ይሂዱ የሚል ፍርድ ወጣ። ቅድም ያስላነው ስሌት ስሕተት አልነበረበትም፤ ያንኑ ዘዴ ዛሬም ብትሠሩበት ያንኑ 144 ይመልስላችኋል። የተሳሳተው ሠንጠረዡ ነበረ፤ ሥጋቱን ማንም አልጻፈበትም ነበርና።

ደግሞም ሠንጠረዥ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። በ2022 በአውሮፓውያን አቈጣጠር የዩክሬን ጦርነት በተነሣ ጊዜ የሩስያው ሶዩዝ ከኩሩ መነሣቱ ቀረ። በእርሱ ተመድባ የነበረችው ዩክሊድ የተባለችው የአውሮፓ የጠፈር ቴሌስኮፕ ሌላ ሮኬት ተፈልጎላት በ2023 በፋልከን 9 ሄደች። ከሠንጠረዡ አንድ ዓምድ ሲፋቅ የቀሩት ሁሉ እንደ ገና መታሰብ አለባቸው፤ የቆየውን ዕቅድ እንደ ሆነ ይዞ ክፍተቱን ብቻ መድፈን ብዙ ጊዜ ውድ ነው።

የተከበራችሁ አንባቢዎች፤ ከእናንተ መካከል ሮኬት የሚመድብ ምናልባት አንድም የለ ይሆናል። መኪና፣ መምህር፣ ሐኪም፣ መድኃኒት፣ ማዳበሪያና የእህል ጭነት የሚመድብ ግን ብዙ ነው። ለእናንተ የሚጠቅሙ ሦስት ነገሮች ከዚህ ይገኛሉ። አንደኛ፣ ማመልከቻዎችን አንድ በአንድ ከመፈረም በፊት የሳምንቱን ወይም የወሩን በአንድነት ዘርግቶ ማየት ነው፤ ትርፉ ያለው በመካከላቸው ነውና። ሁለተኛ፣ ለጠቅላላው ጥቅም ሲባል የማይስማማውን የተቀበለ ክፍል ሲኖር፣ ያ የአራት ሚሊዮን ጉዳት የእርሱ ስንፍና ተደርጎ እንዳይቈጠርበት በጽሑፍ መግለጽ ነው። እንዲህ ካልሆነ በሚመጣው ዓመት ሁሉም የራሱን ብቻ ይዞ ይሸሻል፤ ለሠንጠረዡም እውነተኛ ቍጥር የሚሰጥ አይገኝም።

ሦስተኛውና ዋናው፣ ሠንጠረዡን ለሚሞላው ሰው የሚገባውን ክብርና ኃላፊነት መስጠት ነው። ዛሬ ስሌቱን ኮምፒዩተር በቅጽበት ይሠራዋል። በዚህ ሮኬት ላይ ሥጋት አለ፣ በዚህ መንገድ ላይ ክረምት ድልድይ ይወሰዳል፣ ይህ መድኃኒት ከዘገየ ሰው ይሞታል ብሎ በጊዜው የሚጽፈው ግን ጉዳዩን የሚያውቀው ሠራተኛ ነው። እርሱ አለቃውን ለማስደሰት ወይም ዕቅዱ ርካሽ መስሎ እንዲጸድቅ ብሎ የሚያውቀውን ከተወ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሒሳብ ሁሉ በጥንቃቄ የተሠራ ስሕተት ይሆናል። ፊርማውም የሚገኘው በስሌቱ ላይ ሳይሆን በሠንጠረዡ ላይ ነው።

ነገ ጧት በጉለሌ በኩል ወደ ሥራ ስትሄዱ ቀና ብላችሁ እንጦጦን ተመልከቱ። በዚያ ጫፍ ላይ መልእክታቸው የተጠበቀው ሁለቱ ሳተላይቶች ወደ ጠፈር የደረሱት በሌላ ሰው ሮኬት፣ በሌላ ጭነት ጐን ነው። ቦታውን ለማግኘት አንድ ሰው በጊዜው ክብደታቸውን፣ መንገዳቸውን፣ ዋጋቸውንና ሥጋታቸውን በትክክል ጽፎ ማቅረብ ነበረበት። ነገ በጠረጴዛችሁ ላይ የሚቀርበውን ሠንጠረዥም በዚሁ መንፈስ እንድትሞሉት እያሳሰብኩ ንግግሬን እፈጽማለሁ።